የቃር መድኃኒትና የመርሳት ሕመም፦ የሁለት 44ዎች ነገር

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ መጀመሪያ የማሳያችሁ ነገር በጣም ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

ይህ በእጄ የያዝኩት 20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስሙን ያልሰማ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ዛሬ ጠዋት የዋጠውም አይጠፋም። ካፕሱሉን በሁለት ጣቶቼ ይዤ እከፍተውና ጥቁር ወረቀት ላይ እዘረግፈዋለሁ። አያችሁ? ዱቄት አይደለም። ነጫጭ ድቡልቡል ቅንጣቶች ናቸው፤ ወረቀቱን ትንሽ ሳዘነብለው ተንከባልለው ወደ ጠርዙ ይሄዳሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት አሲድ የማይደፍረው ስስ ልባስ አላት። ነገሩ ያስቃል፤ የጨጓራን አሲድ እንዲቀንስ የምንልከው መድኃኒት ራሱ አሲድ ሲነካው ይበላሻል። ስለዚህ ልባሱን እንደለበሰ ጨጓራን አልፎ ይሄዳል፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ልባሱ ይሟሟል፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም ዞሮ ዞሮ በጓሮ በር ወደ ጨጓራ ይመለሳል። ቅንጣቶቹን አኝኮ የሚውጥ ሰው ልባሱን በጥርሱ ስለሚሰብረው መድኃኒቱን ለአሲዱ ገበረው ማለት ነው።

በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ሴሎች አሉ፤ በሴሎቹ ላይ ደግሞ ፕሮቶን ፓምፕ የምንላቸው ጥቃቅን መርጫዎች። መድኃኒቱ እነዚህን ፓምፖች ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይጠፋል። እርሱ ራሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል፤ የተቆለፈው ፓምፕ ግን እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ሰውነት አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ መጠበቅ ነው። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ የምንላችሁም ለዚሁ ነው። ፓምፖቹ በብዛት ለሥራ የሚነሱት ምግብ ሲመጣ ነው፤ መድኃኒቱም የሚቆልፈው የተነሳውን እንጂ የተኛውን አይደለም። ኦሜፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ራቤፕራዞል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም ይኸው ነው።

ከሁሉም ታላቁ ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ስሙ ሎሴክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ላዚክስ ከተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ ፕራይሎሴክ ተባለ። ይህን ያነሳሁት እኛ ፋርማሲስቶች ከሐኪሞች የእጅ ጽሑፍ ጋር ያለንን የቆየ ጠብ ስለሚያስታውሰኝ ነው፤ ከርዕሳችን ጋር አይገናኝም።

የሚገናኘው ሌላው ነገር ነው። መድኃኒቱ ወደ ጨጓራ የሚመለሰው በደም ከሆነ፣ ደም ደግሞ ጨጓራ ላይ ብቻ አይቆምም። ወደ አንጎልም ይሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት እሠራበት ወደነበረው መድኃኒት ቤት መጡ። ከኮታቸው ኪስ የኦሜፕራዞል ካርቶን አውጥተው ባንኮኒው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። በካርቶኑ ጀርባ በእስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ፣ “44 በመቶ” ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

“ልጄ፣ ይህን መድኃኒት ከምንወስደው ከመቶው 44ታችን ልጆቻችንን ልንረሳ ነው ማለት ነው?” አሉኝ።

ዜናውን የሰሙ ዕለት መድኃኒቱን አቋርጠዋል። ካቋረጡ አሥር ቀናቸው ነው። በነዚህ አሥር ቀናት ቃር በርትቶባቸው፣ ሌሊት ደረታቸውን ይዘው እየተቀመጡ ነው የሚያድሩት። “ብወስደው አእምሮዬ፣ ብተወው ደረቴ” አሉ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም እንጂ ሰውየው ይዘውት የመጡት አንድ ሳይሆን ሁለት 44 ነበር። ዛሬ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው 44 የመጣው ከጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተመራማሪዎቹ የአንድ ትልቅ የጤና መድን ድርጅት መዛግብትን ከ2004 እስከ 2011 አገላበጡ፤ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሲጀመር የመርሳት ሕመም ያልነበረባቸው 73,679 ሰዎች አገኙ። ከነዚህ ውስጥ 2,950ዎቹ የቃር መድኃኒትን አዘውትረው የሚወስዱ ነበሩ። ዓመታቱ ሲቆጠሩ፣ አዘውትረው በሚወስዱት ላይ የመርሳት ሕመም የተመዘገበበት ፍጥነት ከማይወስዱት በ44 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በፊት በዚያው አገር 3,000 በሚያህሉ አረጋውያን ላይ የተካሄደ ጥናትም ተቀራራቢ ነገር አሳይቶ ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩ እውነት ነው። አዛውንቱ የተሳሳቱት ቁጥሩን በመቅዳት ሳይሆን በመተርጎም ነው፤ ለዚህም እርሳቸውን ሳይሆን ዜናውን የጻፈውን ሰው ነው የምወቅሰው። “በ44 በመቶ ይበልጣል” ሲባል ከምን ላይ ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ከትንሽ ላይ 44 በመቶ ትንሽ ነው፤ ከብዙ ላይ 44 በመቶ ብዙ ነው። መነሻው ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

መነሻውን የነገረን ሌላ ጥናት ልጥቀስ። በ2023 በአሜሪካ የታተመ ነው፤ ተሳታፊዎቹ 5,712፣ አማካይ ዕድሜያቸው 75 አካባቢ። መድኃኒቱን ጨርሶ ካልወሰዱት መካከል በየዓመቱ ከ1,000 ሰው 19 ያህሉ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። በጠቅላላው ከ4.4 ዓመት በላይ ከወሰዱት መካከል ደግሞ ከ1,000 ሰው 24። ሌሎች ነገሮች ከተስተካከሉ በኋላ ይህ በዜና “33 በመቶ ጨመረ” ተብሎ ተነገረ። 33 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። ከ1,000 ሰው አምስት ሲባል ግን ሰው ረጋ ብሎ ያስባል። ሁለቱም ያው አንድ ግኝት ነው። ከ4.4 ዓመት ላነሰ ጊዜ የወሰዱት ላይ ደግሞ የታየ ልዩነት የለም።

ረጋ ብለን ስናስብ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ እነዚያ አምስት ሰዎች ከመድኃኒቱ የተነሳ ነው የታመሙት?

ከዘራ የሚይዙ ሰዎችን ተመልከቱ። ከዘራ የማይዙትንም ተመልከቱ። ማን አብዝቶ ይወድቃል? ያለ ጥርጥር ከዘራ የያዘው። አንድ የመድን ድርጅት የከዘራ ግዢንና የስብራት ሕክምናን መዝግቦ ቢያስቀምጥ፣ “ከዘራ የመውደቅን አደጋ በእጥፍ ይጨምራል” የሚል ጥናት ከመዝገቡ ማውጣት ይቻላል፤ ሒሳቡም ምንም ስሕተት አይገኝበትም። ከዘራው ግን ሰውየውን አልጣለውም። ከዘራውን ያስያዘው ጉልበት ነው የጣለው። (አልፎ አልፎ ከዘራም ራሱ ያደናቅፋል። ይህንንም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።)

አሁን ወደ እኛ ነገር አምጡት። አንድ የ68 ዓመት ሰው ቀላል ስትሮክ ያዘው እንበል፤ አፉ ለጥቂት ሰዓት ተንሻፎ ተመለሰ። ሐኪሙ ደሙ እንዳይረጋ አስፕሪን አዘዘለት። አስፕሪን ጨጓራን ሊያደማ ስለሚችል ለመከላከያ ፓንቶፕራዞል ጨመረለት፤ ትክክል ነው ያደረገው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሰውየው መርሳት ጀመረ። የአንጎል ደም ሥሮች መታመም ራሱ አንዱ የመርሳት ሕመም መንስኤ ነው፤ ችግሩ የጀመረው ያኔ አፉ የተንሻፈፈ ዕለት ወይም ከዚያ በፊት ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ምን ይታያል? መጀመሪያ የቃር መድኃኒት፣ ቀጥሎ የመርሳት ሕመም። ጥሩ ጥናት ስትሮኩን ቆጥሮ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ የጀርመኖቹም አድርገዋል። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ያልደረሰውን፣ ማንም ያልመዘገበውን ማስተካከል አይቻልም። ሰውየው ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማረ የመድን መዝገብ አይነግረንም፤ ትምህርት ደግሞ ከመርሳት ሕመም ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው።

ሌላም አለ። ከመርሳት ሕመም ዓይነቶች በብዛት የሚታየው አልዛይመር አንጎል ውስጥ ሥራውን የሚጀምረው ስሙ ከመሰጠቱ ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት ነው። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሰው ይደበታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፣ በተመላለሰ ቁጥርም አንድ ክኒን ይጨመርለታል። ታዲያ ሕመሙ መድኃኒቱን ቀድሞት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው መርሳቱ ቶሎ ይታወቅበታል፤ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ቢረሳም “አርጅቶ ነው” ተብሎ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ግምት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ሰዎቹን በመዝገብ ሳይሆን በአካል የተከታተሉትን እንይ። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ተመራማሪዎች 3,484 አረጋውያንን በየሁለት ዓመቱ እያስቀመጡ፣ የማስታወስ ፈተና እየሰጡ፣ በአማካይ ለ7.5 ዓመት ተከታተሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 827ቱ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ መድኃኒቱን ለብዙ ዓመት በብዛት የወሰዱትም ሳይቀሩ ከሌላው አልተለዩም። ፊንላንድ ውስጥ አልዛይመር ያለባቸውን 70,718 ሰዎች ከአራት እጥፍ ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ፤ ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት የተወሰደውን መድኃኒት ከሒሳቡ ሲያወጡት ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም ነበር። አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ ወደ 19,000 በሚጠጉ አረጋውያን ላይ በ2023 የወጣውም ዝምድና አላገኘም።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያረጋጋኝ ግን ሌላ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት 17,598 የልብና የደም ሥር ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹ ፓንቶፕራዞል፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት የይስሙላ ክኒን ወሰደ። ማን ምን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ዕጣ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዘራውን ለደካማውም ለጠንካራውም እኩል ያድላል። ሦስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። የመርሳት ሕመም፣ የኩላሊት ሕመም፣ የአጥንት ስብራት፣ የሳንባ ምች፣ ለዓመታት ዜና የሆነው ሁሉ ተቆጠረ። በግልጽ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንጀት ኢንፌክሽን፣ በይስሙላው 1.0 በመቶ፣ በመድኃኒቱ 1.4 በመቶ። አሲድ ከምግብ ጋር የሚገቡ ተሕዋስያንን የሚገድል ዘብ ስለሆነ፣ ዘቡ ሲቀነስ ይህ መሆኑ አያስገርምም።

ሦስት ዓመት ግን አጭር ነው። አምናለሁ። 20 ዓመት ተደብቆ ለሚመጣ ሕመም ሦስት ዓመት የአንድ ክረምት ያህል ነው። ደግሞ የማያስተኛኝ አንድ ጥናት አለ፤ ዴንማርክ። በ2023 የወጣ፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ነው። ከ60 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ የመርሳት ሕመም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ካልወሰዱት በ36 በመቶ በልጦ ታየ፤ ልዩነቱ ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ሄዶ ከ90 በኋላ ጠፋ። ይህ ከዘራው ብቻ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ላልፈው አልደፍርም። ከዘራ ሊሆን ይችላል። ያው እንዳልኳችሁ ከዘራም አንዳንዴ ያደናቅፋል።

ቢያደናቅፍ በምን መንገድ ያደናቅፋል? በቤተ ሙከራ የተነሱትን በአጭሩ ላሳልፋቸው። በ2013 ላንሶፕራዞል በሴሎችና በአይጦች ላይ አሚሎይድ ቤታ የተባለውን፣ በአልዛይመር ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን ሲጨምር ታየ። በ2020 ደግሞ ስዊድን ውስጥ እነዚህ መድኃኒቶች አሴቲልኮሊንን የሚሠራውን ኢንዛይም በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲያግዱ ታየ፤ አሴቲልኮሊን ለማስታወስ የሚያስፈልግ ኬሚካል ነው፤ ዛሬ ለአልዛይመር የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶችም እርሱን ለማቆየት የሚጥሩ ናቸው። የሚያሳስብ ነገር ነው። ይሁንና አይጥ አይጥ ነው፤ መስታወት ዕቃም አንጎል አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ እኔ ባንኮኒ ላይ አይቼዋለሁ። ቫይታሚን ቢ12። ምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ የሚያላቅቀው አሲድ ነው። አሲዱ ለዓመታት ከቀነሰ ቫይታሚኑ ሳይላቀቅ ያልፋል። ጉበት የዓመታት ስንቅ ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ወዲያው አይታወቅም፤ ቀስ ብሎ፣ አድብቶ ነው የሚመጣው። በካሊፎርኒያ በ2013 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ እነዚህን መድኃኒቶች ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ የቢ12 እጥረት 65 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ሰውየው የስኳር ሕመም ኖሮበት ሜትፎርሚንም የሚወስድ ከሆነ ያ ደግሞ በራሱ መንገድ ቢ12ን ይቀንሳል።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁለቱንም ለብዙ ዓመት ይወስዱ ነበር። ልጃቸው ናት ይዛቸው የመጣች። ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፣ እግራቸው “ጥጥ ላይ እንደሚራመድ” ሆኖባቸዋል። እኔን ያነቃኝ እግራቸው ነው። የመርሳት ሕመም ጥጥ ላይ አያራምድም፤ የቢ12 እጥረት ግን ነርቭን ይነካል። ሐኪማቸው ደማቸውን አስመረመረ፤ ቢ12 ወርዶ ተገኘ። መርፌው ተጀመረ፤ ከወራት በኋላ ሲመጡ ስሜን ጠርተው ነው ሰላም ያሉኝ። እባካችሁ ይህን “የቃር መድኃኒት የመርሳት ሕመም ያመጣል” ብላችሁ አትውሰዱት። የእርሳቸው የመርሳት ሕመም አልነበረም፤ የእርሱን ልብስ የለበሰ እጥረት ነበር። እጥረት ይሞላል፤ ግን ብዙ ከቆየ የተጎዳው ነርቭ ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ የወሰደ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ከሆነ፣ ቢ12ን ተመርመር ቢሉት አይበዛበትም። በክኒን የሚወሰደው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀ ስለሆነ አሲድ አይፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ እርሱም ይበቃል።

አሁን አቋሜን ጠይቁኝ። የቃር መድኃኒት የመርሳት ሕመም ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም፤ ያለኝን ማስረጃ ሁሉ ስመዝነው ወደ “አያመጣም” ያጋድላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ስለ መርሳት ሕመም ያወጣው ሪፖርት ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ሲቆጥር የመስማት ችግርን፣ የደም ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን፣ ማጨስን፣ ብቸኝነትን ጠርቷል፤ የቃር መድኃኒትን አልጠራም። ለመርሳት ሕመም ብሎ ኦሜፕራዞሉን ጥሎ የደም ግፊቱን የማይለካ ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። እውነቴን ነው፤ እናደዳለሁ።

ያም ሆኖ አዛውንቱ በመፍራታቸው አልተቆጨሁም። ፍርሃቱ አንድ ጥያቄ እንድጠይቃቸው ዕድል ሰጠኝ፤ “አባቴ፣ ይህን መድኃኒት መጀመሪያ ለምን ነበር የታዘዘልዎት?” አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከስምንት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን አሟቸው ለሁለት ሳምንት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዞላቸው ነበር፤ ማስታገሻው ጨጓራቸውን እንዳይጎዳ ኦሜፕራዞል አብሮ ተሰጠ። ማስታገሻው በሁለት ሳምንት አለቀ። ዘበኛው ኦሜፕራዞል ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶ ቤት ሲጠብቅ ኖረ።

“ታዲያ ሳቆመው ለምን አቃጠለኝ?” አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ሁለተኛው 44 ያለው እዚህ ጋ ነው።

በ2009 ዴንማርክ ውስጥ 120 ጤነኛ ሰዎች ተሰበሰቡ። ቃር የማያውቃቸው፣ ጨጓራቸውን አሟቸው የማያውቅ። ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፣ ከዚያም ሳያውቁት ለአራት ሳምንት የይስሙላ ክኒን ወሰዱ። ሌሎቹ አሥራ ሁለቱንም ሳምንት የይስሙላውን ብቻ። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው መካከል 44 በመቶዎቹ ቃር፣ የአሲድ መመለስ ወይም የጨጓራ መታወክ ተሰማቸው። በሌላው ቡድን 15 በመቶ ብቻ።

ልብ በሉ፤ ጤነኞች ነበሩ። ቃሩን የፈጠረባቸው መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው። ምክንያቱ አሲድ ሲጠፋ ሰውነት “ምን ሆነ?” ብሎ ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘው እርሱ ነው። ትእዛዙ እየተጠራቀመ፣ የሚታዘዙት ሴሎችም እየጠነከሩ ይቆያሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲነሳ የተገደበ ውኃ እንደሚለቀቅ ያለ ነው። ሰውየው ደረቱን ይዞ ይነቃና “አየህ፣ ያለ እርሱ መኖር አልችልም” ይላል፤ ወደ መድኃኒት ቤት ይመለሳል። እኔም እሸጥለታለሁ። የመጀመሪያውን 44 ዓለም ሁሉ አወራው፤ ይህን ሁለተኛውን ግን ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም።

ማቆም የሌለባቸው ሰዎች መኖራቸውን አሁኑኑ ልናገር፤ ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ መድኃኒቱን የሚጥል እንዳይኖር። ጨጓራው ወይም አንጀቱ ቆስሎ ደምቶ የሚያውቅ፤ በአረጋዊነቱ አስፕሪን፣ ደም ማቅጠኛ ወይም የመገጣጠሚያ ማስታገሻ አዘውትሮ የሚወስድ፤ የምግብ መውረጃ ቧንቧው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ ወይም ሽፋኑ ተለውጦ ባሬት የሚባል ሁኔታ የተገኘበት፤ እነዚህ ከሐኪማቸው ጋር ሳይመክሩ አንድም ቀን አያቋርጡ። ለማይታወቅ ሥጋት ብሎ የሚታወቀውን መድማት መጥራት ነው የሚሆነው።

አዛውንቱ ከነዚህ ውስጥ አልነበሩም። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገርን፤ መጠኑ በግማሽ ተቀነሰ፤ ከሳምንታት በኋላ ቀን እየዘለሉ፤ ከዚያም ሲያቃጥላቸው ብቻ ፋሞቲዲን የተባለውን ሌላ የአሲድ መቀነሻ ወይም የሚታኘከውን አሲድ ማርከሻ። በአልጋቸው ራስጌ እግሮች ሥር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ አደረጉ። ትራስ መደራረብ አይተካውም፤ ትራስ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል፤ ጣውላው ግን ሰውነትን በሙሉ ያዘነብላል። እራታቸውን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት አደረጉ፤ በግራ ጎናቸው መተኛት ለመዱ። ሁለት ወር ፈጀ። በሦስተኛው ሳምንት ሊተዉት ነበር፤ “ይህ ሕመም ሳይሆን ግድቡ እየጎደለ ነው” አልኳቸው። አሁንም አልፎ አልፎ ይወስዳሉ። ያችን ካርቶን ግን አልጣሏትም፤ በ44ቱ አጠገብ “19 እና 24” ብለው ጽፈውባታል።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ በጥያቄው ሰዓት የሆነውን ግን አብሬ ላስፍር። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ስለ መጠንና ስለ ሰዓት ነበሩ፤ በየሐኪማችሁ ዘንድ የሚመለሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ተነሡ። እናታቸው ከሁለት ዓመት በፊት በአልዛይመር ተይዘዋል።

“አሥር ዓመት ሙሉ በየማለዳው መድኃኒቱን በውኃ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ” አሉ። ጥያቄ አልጨመሩበትም።

ከመድረኩ ወርጄ አጠገባቸው ሄድኩ። “እስካሁን ካየነው ሁሉ፣ እርስዎ ያደረጉት ነገር ይህን አመጣ የሚያሰኝ የለም” አልኳቸው። “በዕጣ ተከፍለው የወሰዱትና ያልወሰዱት አልተለያዩም። እርስዎ እናትዎን ከቃር አሳርፈዋቸዋል።” ከዚያም አሁን ይወስዱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሕመሙ የታወቀ ዕለት እንዳቋረጡባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው እራት አልበላም ይላሉ፤ ሌሊት ተነሥተው ይቀመጣሉ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ፤ ምን እንደሆኑ ግን መናገር አይችሉም። ቤተሰቡ የሕመሙ ጠባይ ነው ብሎ ትቶታል።

በማግስቱ ጠዋት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ እናታቸውንም ጭምር።